ደቂቅ አልጌ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን በማጣራትና ለግብርና የሚውል ንጥረ ነገር መልሶ በማስገኘት ረገድ ያለው ጠቀሜታ

አርሲ ነገሌ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 225 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ የኦሮሚያ ክልል የምዕራብ አርሲ ዞን ከተማ ናት። በ1999 ዓ.ም በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከ47 ሺህ በላይ ነዋሪዎች የተመዘገቡባት ይህች ከተማ ከዚያ ወዲህ በሕዝብ ብዛትም ሆነ በግንባታ እየሰፋች መጥታለች። ዙሪያዋን ስንዴ፣ በቆሎና ድንች በሚያመርቱ አርሶ አደሮች የተከበበች ስትሆን፣ ዝቅ ብሎ ባለው የስምጥ ሸለቆ ወለል ላይ ደግሞ የላንጋኖ፣ የአብያታና የሻላ ሐይቆች ተንጣለው ይገኛሉ።

የከተማዋ አቀማመጥ አንድ መሠረታዊ ጥያቄ ያስነሳል። ከመጸዳጃ ቤቶችና ከሴፕቲክ ታንኮች የሚወጣው ፍሳሽ መጨረሻው የት ነው? አብያታና ሻላ ወደ ሌላ ወንዝም ሆነ ወደ ባሕር የሚፈስሱበት መውጫ የላቸውም። የላንጋኖም ውሃ ቢሆን ሞልቶ ሲፈስ የሚሄደው ወደ አብያታ ነው። በመሆኑም ከተፋሰሱ ከተሞችና እርሻዎች በጎርፍ ታጥቦ ወደ ሐይቆቹ የሚገባ ንጥረ ነገርና ብክለት ከዚያ ወዲያ የሚሄድበት የለም። በሌላ በኩል በዚሁ ተፋሰስ የሚገኘው አርሶ አደር በፍሳሹ ውስጥ የሚባክነውን ናይትሮጂንና ፎስፈረስ በየዓመቱ በዩሪያና በሌሎች የአፈር ማዳበሪያዎች መልክ በገንዘቡ ይገዛል።

ይህንን ተቃርኖ ለማጥበብ ከሚቀርቡት አማራጮች መካከል ደቂቅ አልጌን በመጠቀም የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽን ማጣራትና ንጥረ ነገሩን ለግብርና መልሶ ማዋል አንዱ ነው። ዘዴው ምን እንደሆነ፣ በሀገራችንና በሌሎች ሀገሮች ምን ልምድ እንዳለ፣ ጠቀሜታውና ውሱንነቱ እስከ ምን ድረስ እንደሆነ እንደሚከተለው ቀርቧል።

ከፍሳሹ ጋር የሚባክነው ሀብት

የሰው ልጅ ከሚመገበው ምግብ ውስጥ የሚገኘው ናይትሮጂንና ፎስፈረስ አብዛኛው በሽንትና በዓይነ ምድር መልክ ከሰውነት ይወጣል። ከዚህም ውስጥ የናይትሮጂኑ አብላጫ ክፍልና ከፎስፈረሱ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የሚገኘው በሽንት ውስጥ ነው። በአንጻሩ በሽታ አምጪ ተህዋስያን በዋናነት የሚገኙት በዓይነ ምድር ውስጥ በመሆኑ፣ ሁለቱ ከምንጫቸው ሳይቀላቀሉ ቢለያዩ አያያዙ ይቀላል።

አንድ ሰው በዓመት የሚያስወግደው የንጥረ ነገር መጠን እንደ አመጋገቡ ይለያያል። የስዊድን ተመራማሪዎች ከምግብ አቅርቦት መረጃ በመነሳት ለጎረቤታችን ለኡጋንዳ ያወጡት ግምት በነፍስ ወከፍ በዓመት 2 ነጥብ 5 ኪሎ ግራም ናይትሮጂንና 0 ነጥብ 4 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ነው። ይህ ስሌት በአንድ የስምጥ ሸለቆ ከተማ ለሚኖሩ 10 ሺህ ሰዎች እንደ መነሻ ቢወሰድ፣ በዓመት 25 ሺህ ኪሎ ግራም ናይትሮጂንና 4 ሺህ ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ይሆናል። የናይትሮጂኑ መጠን 46 በመቶ ናይትሮጂን ከያዘ 543 ኩንታል ዩሪያ ጋር የሚስተካከል ሲሆን፣ ፎስፈረሱ ደግሞ 240 ኩንታል ገደማ በሚሆን ኤን.ፒ.ኤስ ማዳበሪያ ውስጥ ከሚገኘው ጋር ይመጣጠናል።

ይህ አኃዝ ከመጸዳጃ ቤት የሚወጣውን ጠቅላላ መጠን እንጂ በተግባር ሊሰበሰብ የሚችለውን አያመለክትም። ከፊሉ በጉድጓድ ውስጥ ወደ መሬት ይሰርጋል፣ ከፊሉ በአሞኒያ ጋዝ መልክ ወደ አየር ይተናል። ይሁን እንጂ ሀገሪቱ ለረጅም ዓመታት የአፈር ማዳበሪያ ፍላጎቷን በውጭ ምንዛሪ ከሌሎች ሀገሮች በማስገባት ስትሸፍን መቆየቷና እ.ኤ.አ በ2022 የማዳበሪያ የዓለም ገበያ ዋጋ በከፍተኛ ደረጃ መናሩ ሲታሰብ፣ ከዚህ ሀብት ጥቂቱን እንኳ መልሶ ማግኘት ትርጉም ያለው ይሆናል።

ደቂቅ አልጌ ምንድን ነው?

አልጌ ወይም በአማርኛ የሳይንስ ትምህርት ዋቅላሚ የሚባለው በውሃና በእርጥብ ቦታ የሚገኝ፣ በፀሐይ ብርሃን ኃይል ምግቡን የሚያዘጋጅ ፍጡር ነው። ደቂቅ አልጌ የሚባሉት ደግሞ እያንዳንዳቸው በዓይን የማይታዩ፣ በብዛት ሲገኙ ግን ውሃውን አረንጓዴ የሚያደርጉ ናቸው። ለፍሳሽ ማጣሪያ አገልግሎት በስፋት ከተጠኑት መካከል ክሎሬላና ሴኔዴስመስ ይገኙበታል። ስፒሩሊና በሚል መጠሪያ የሚታወቀው አርትሮስፒራ በሳይንሳዊ ምደባ ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ቢሆንም በአሠራር ከደቂቅ አልጌዎች ጋር አብሮ ይጠቀሳል።

በፍሳሽ ኩሬ ውስጥ አልጌና ባክቴሪያ ተደጋግፈው ይሠራሉ። ባክቴሪያዎች በፍሳሹ ውስጥ ያለውን በካይ ቁስ ሲያፈራርሱ ኦክሲጅን ይጠቀማሉ፤ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አሞኒያና ፎስፌት ያስወጣሉ። አልጌዎቹ በበኩላቸው እነዚህኑ በመውሰድ በብርሃን አስተጻምሮ አማካይነት ያድጋሉ፤ ለባክቴሪያዎቹም ኦክሲጅን ይሰጣሉ። በዘመናዊ የማጣሪያ ጣቢያዎች ይህንን ኦክሲጅን ለማቅረብ ብዙ ኤሌክትሪክ የሚጠቀሙ የአየር መግፊያ መሣሪያዎች የሚተከሉ ሲሆን፣ በአልጌ ኩሬ ግን ይህንን ሥራ የሚያከናውነው ፀሐይ ነው።

አልጌ ሲያድግ በውሃው ውስጥ ሟሙቶ የነበረውን ንጥረ ነገር በአካሉ ውስጥ ይይዛል። ከደረቅ ክብደቱ ውስጥ 7 በመቶ ገደማ ናይትሮጂን፣ 1 በመቶ ገደማ ደግሞ ፎስፈረስ ነው። በመሆኑም 1 ኪሎ ግራም ፎስፈረስ ለመሰብሰብ 100 ኪሎ ግራም ያህል ደረቅ አልጌ ማምረት ያስፈልጋል ማለት ነው።

ከስምጥ ሸለቆ ሐይቆች የሚገኝ ትምህርት

ደቂቅ አልጌ ለስምጥ ሸለቆ አካባቢ እንግዳ አይደለም። ከሻላ ሐይቅ አጠገብ የሚገኘው አነስተኛው የጭቱ ሐይቅ በሶዳ የበለፀገ ውሃው ውስጥ አርትሮስፒራ በተፈጥሮ የሚራባበት ነው። ከዚህ ሐይቅ የተወሰደው ዝርያ ለዕድገቱ ተስማሚ የሆኑ ሁኔታዎችን የሚመለከት ጥናት እ.ኤ.አ በ1996 ታትሟል። በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገኘው አረንጓዴ ሐይቅም በተመሳሳይ ይታወቃል። እ.ኤ.አ በ1973 ታሊንግና ባልደረቦቻቸው በኢትዮጵያ የሶዳ ሐይቆች ላይ ያደረጉት ጥናት በአረንጓዴና በኪሎሌ ሐይቆች የተመዘገበው የብርሃን አስተጻምሮ መጠን በተፈጥሮ ውሃ ውስጥ ሊደረስበት ከሚችለው ከፍተኛ ጣሪያ የሚጠጋ መሆኑን አሳይቷል። በሶዳ ሐይቆች ላይ የሚታዩት ትንሹ የፍላሚንጎ ዝርያዎች በዋናነት የሚመገቡት ይህንኑ አርትሮስፒራ ነው።

እነዚህ ምስክርነቶች በአካባቢው የሚገኘው የፀሐይ ብርሃንና የአየር ጠባይ ለአልጌ ዕድገት ተስማሚ መሆኑን ያረጋግጣሉ። በዚያው ልክ ሁለተኛ ትምህርት የሚሰጥ ተፋሰስም በአቅራቢያው ይገኛል። በአዳማና በሞጆ አቅራቢያ በአዋሽ ወንዝ ላይ የተገነባው የቆቃ ግድብ ሐይቅ ማይክሮሲስቲስ በሚባል ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ በተደጋጋሚ ተሸፍኗል። በሰባት የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ላይ ተካሂዶ እ.ኤ.አ በ2011 የታተመ ጥናት በቆቃ ማይክሮሲስቲን የተባለው ጉበትን የሚጎዳ መርዝ መኖሩን አሳይቷል።

ሁለቱ ሁኔታዎች የአንድ ሂደት ሁለት ገጽታዎች ናቸው። ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ያለ ቁጥጥር ወደ ሐይቅ ሲገቡ አልጌና ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ሕዝብ በሚጠጣውና ዓሣ በሚያጠምድበት ውሃ ውስጥ ይበቅላሉ። ንጥረ ነገሩ ቀድሞ በተዘጋጀ ኩሬ ከተያዘ ግን ዕድገቱ የሚከናወነው በሰው ቁጥጥር ሥር ሲሆን ምርቱም ለእርሻ ሊውል ይችላል። የዘዴው መሠረታዊ ሐሳብ ይኸው ነው።

አሠራሩ ደረጃ በደረጃ

የመጀመሪያው ደረጃ ደረቁን ክፍል ከፈሳሹ መለየት ነው። ይህም በሴፕቲክ ታንክ፣ በማቆሪያ ገንዳ ወይም አየር በማይገባበት የባዮጋዝ ማብላያ ይከናወናል። ማብላያው ለማብሰያ የሚሆን ጋዝ የሚሰጥ ሲሆን፣ ናይትሮጂንና ፎስፈረስ ግን በአብዛኛው በሚወጣው ፈሳሽና ዝቃጭ ውስጥ ይቀራሉ። የወስፋት እንቁላልም በአብዛኛው ከዝቃጩ ጋር ወደ ታች ይሰፍራል።

ሁለተኛው ደረጃ የአልጌ ኩሬው ነው። በዓለም ላይ በስፋት የሚታወቀው ዓይነት እ.ኤ.አ በ1950ዎቹ በካሊፎርኒያ ዊልያም ኦስዋልድና ባልደረቦቻቸው ያዳበሩት ጥልቀት የሌለው ኩሬ ነው። ጥልቀቱ ከ30 እስከ 50 ሳንቲ ሜትር ሲሆን፣ ውሃው እንደ ሩጫ ሜዳ በተሠራ ቦይ ውስጥ በመቅዘፊያ መዘውር ቀስ ብሎ ይሽከረከራል። ፍሳሹ በኩሬው ውስጥ እንደ አየሩ ሙቀትና እንደ ፍሳሹ ክብደት ከ4 እስከ 10 ቀናት ይቆያል።

ሦስተኛው ደረጃ አልጌውን ከውሃው መለየት ነው። ይህም በማስፈሪያ ገንዳ፣ በማጣሪያ ወይም አልጌና ባክቴሪያው ተጣብቀው እንዲዘቅጡ በማድረግ ይከናወናል። የተሰበሰበው አልጌ በፀሐይ ደርቆ ወይም ከሌላ ተረፈ ምርት ጋር ወደ ብስባሽ ተለውጦ ለማዳበሪያነት ይዘጋጃል፤ አልያም ወደ ባዮጋዝ ማብላያው ይመለሳል። አልጌው በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ ንጥረ ነገሩን ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ እንደ ዩሪያ በአንድ ዝናብ ታጥቦ የመሄድ ባሕርዩ አነስተኛ ነው።

አራተኛው ደረጃ ውሃውን በማብሰያ ኩሬ ለተጨማሪ ቀናት ማቆየትና ለመስኖ ማዋል ነው። በዚህ ኩሬ ውስጥ የፀሐይ ብርሃንና በቀን የሚጨምረው የውሃው አልካላይነት በሽታ አምጪ ባክቴሪያዎችን ይቀንሳሉ።

አንድ የስሌት ምሳሌ

ለውሳኔ ሰጪዎች ይረዳ ዘንድ 1 ሺህ ሰዎች የሚያድሩበትን አንድ ተቋም በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። እያንዳንዱ ሰው በቀን 50 ሊትር ፍሳሽ የሚያመነጭ ከሆነ በቀን 50 ሜትር ኩብ ይሆናል። ይህ ፍሳሽ 30 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ባለው ኩሬ ለ6 ቀናት እንዲቆይ ከተፈለገ 300 ሜትር ኩብ የሚይዝ፣ 1 ሺህ ካሬ ሜትር ስፋት ያለው ኩሬ ያስፈልጋል።

በእንዲህ ዓይነት ኩሬዎች ውስጥ በአንድ ሜትር ኩብ ውሃ በተለምዶ ከ200 እስከ 500 ግራም ደረቅ አልጌ ይገኛል። በመሆኑም የተቋሙ ኩሬ በቀን ከ10 እስከ 25 ኪሎ ግራም ደረቅ አልጌ ሊሰጥ የሚችል ሲሆን፣ በውስጡ የሚይዘው ናይትሮጂን ከ0 ነጥብ 7 እስከ 1 ነጥብ 75 ኪሎ ግራም ነው። ከ1 ሺህ ሰዎች በቀን የሚወጣው ናይትሮጂን ግን ከላይ በተጠቀሰው ግምት መሠረት 6 ነጥብ 8 ኪሎ ግራም ይደርሳል።

ስሌቱ የሚያሳየው አልጌው የሚይዘው ከናይትሮጂኑ ከአሥር እጅ አንዱን እስከ አራት እጅ አንዱን ያህል መሆኑን ነው። ቀሪው በዝቃጩና በሚወጣው ውሃ ውስጥ የሚገኝ ሲሆን ከፊሉም ወደ አየር ይተናል። ስለሆነም ዘዴው ለግብርና የተሟላ ጥቅም የሚሰጠው አልጌው፣ ዝቃጩና የተጣራው ውሃ ሦስቱም በአግባቡ ለእርሻ ሲውሉ ነው። አልጌውን ሰብስቦ ውሃውን ወደ ወንዝ መልቀቅ ከንጥረ ነገሩ አብላጫውን እንደገና ወደ ሐይቅ መላክ ይሆናል።

በኢትዮጵያ የተገኘ ልምድ

በአልጌና በባክቴሪያ ትብብር የሚሠራ የፍሳሽ ማጣሪያ ለሀገራችን አዲስ አይደለም። በ1970ዎቹ ዓ.ም በአዲስ አበባ ቃሊቲ የተገነባውና በቀን 7 ሺህ 600 ሜትር ኩብ እንዲያጣራ የታቀደው ጣቢያ የኩሬ ሥርዓትን የተከተለ ነበር። ከተማዋ እየሰፋች ስትሄድ በ2010ዎቹ ዓ.ም መጀመሪያ ዓመታት ጣቢያው በቀን 100 ሺህ ሜትር ኩብ የማጣራት አቅም ባለው ሌላ ቴክኖሎጂ ተተክቷል። የኩሬ ሥርዓት ሰፊ መሬት የሚፈልግ በመሆኑ ከትልቅ ከተማ ይልቅ ለአነስተኛና መካከለኛ ከተሞች የተሻለ እንደሚስማማ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ንጥረ ነገርን ከመጸዳጃ ቤት መልሶ በማግኘት ረገድ ከሚጠቀሱት ቀደምት ሥራዎች አንዱ በ1980ዎቹ ዓ.ም አጋማሽ በኋላ በአዲስ አበባ የተጀመረው ሽንትን ከዓይነ ምድር የሚለይ መጸዳጃ ቤት ነው። ከዚህ ቀጥሎ በስምጥ ሸለቆ ደቡባዊ ክፍል በምትገኘው አርባ ምንጭ ከተማ እ.ኤ.አ ከ2006 እስከ 2010 በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ የተካሄደው ሮዛ የተሰኘው ፕሮጀክት ይጠቀሳል። ፕሮጀክቱ ከአርባ ምንጭ በተጨማሪ በኬንያ ናኩሩ፣ በታንዛኒያ አሩሻና በኡጋንዳ ኪትጉም የተከናወነ ሲሆን፣ በአርባ ምንጭ ሽንት የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶችን፣ ተፈራራቂ ጉድጓዶችን፣ ሲሞሉ ዛፍ የሚተከልባቸውን ጉድጓዶችና የብስባሽ ዝግጅትን አስተዋውቋል። ዛፍ የሚተከልበት መጸዳጃ ቤት በካቶሊክ ዕርዳታ አገልግሎትና በአጋሮቹ አማካይነትም በገጠር ቀበሌዎች ተስፋፍቷል።

እ.ኤ.አ ከ2000ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በኦሮሚያ፣ በአማራ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች የተተገበረው ብሔራዊ የባዮጋዝ ፕሮግራም ደግሞ የከብት እበትን መሠረት ያደረገ ቢሆንም፣ መጸዳጃ ቤትን ከማብላያ ጋር የማገናኘትና ከማብላያው የሚወጣውን ዝቃጭ ለማሳ የማዋል ልምድ አስገኝቷል። የአልጌ ኩሬ እንዲህ ካለው ማብላያ ቀጥሎ ሊመጣ የሚችል ደረጃ ነው።

ከማብላያ የሚወጣን የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ በአልጌ የማጣራቱ ሳይንሳዊ ጥናት በኢትዮጵያውያን ስምም ተመዝግቧል። በኖርዌይ የሕይወት ሳይንስ ዩኒቨርሲቲ መለሰ እሸቱ ሞገስና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ2020 ያሳተሙት ጥናት፣ ከማጠቢያ ውሃ ተለይቶ የተሰበሰበና አየር አልባ በሆነ ማብላያ ያለፈ የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ክሎሬላ የተባለውን አልጌ ለማምረት እንደሚያገለግልና በዚህም የፍሳሹ ጥራት እንደሚሻሻል አመልክቷል።

የሌሎች ሀገሮች ተሞክሮ

በአፍሪካ ውስጥ ከሚጠቀሱት የአልጌ ኩሬዎች አንዱ በደቡብ አፍሪካ ቀድሞ ግራሃምስታውን፣ ዛሬ ማካንዳ በምትባለው ከተማ የሮድስ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዓመታት ሲያጠናው የቆየው የተቀናጀ የኩሬ ሥርዓት ነው። በደቡብ አውስትራሊያ በምትገኘው ኪንግስተን ኦን መሪ የተባለች አነስተኛ ማኅበረሰብ ደግሞ ከቤቶች ሴፕቲክ ታንክ የሚወጣው ፈሳሽ በአልጌ ኩሬ እንዲጣራ ተደርጓል። በየቤቱ ታንክ ኖሮ ፈሳሹ ብቻ በአንድ ቦታ የሚሰበሰብበት ይህ አሠራር ሙሉ የፍሳሽ መስመር ለሌላቸው የሀገራችን ከተሞች ተቀራራቢ ምሳሌ ነው። በደቡብ ስፔን ቺክላና ከተማም እ.ኤ.አ ከ2011 ጀምሮ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ ከከተማ ፍሳሽ አልጌ በማምረት ወደ ባዮጋዝ የመለወጥ ሥራ በሰፊ ደረጃ ተሞክሯል።

የዘዴው ውሱንነቶች

ቀዳሚው ችግር አልጌውን የመሰብሰብ ጉዳይ ነው። ከላይ በተጠቀሰው ይዘት መሠረት 50 ኪሎ ግራም ደረቅ አልጌ ለማግኘት ከ100 እስከ 250 ሜትር ኩብ ውሃ ማጥለል ያስፈልጋል። የአልጌ ሴሎች እጅግ ደቃቅ ከመሆናቸውም በላይ በቀላሉ አይዘቅጡም። በብዙ ሀገሮች የዘዴውን መስፋፋት ያዘገየው ዋነኛው ምክንያት ይኸው ወጪ ነው።

ሁለተኛው የፍሳሹ ጥንካሬ ነው። ከመጸዳጃ ቤት ብቻ የሚወጣ ያልተበረዘ ፍሳሽ ብዙ አሞኒያ ይይዛል። በቀን የውሃው አልካላይነት ሲጨምር አሞኒያው አልጌውን ራሱን ይጎዳል፣ ወደ አየርም ይተናል። ስለሆነም ፍሳሹን በማጠቢያ ውሃ ማቅጠን ሊያስፈልግ ይችላል። ሌሊትም አልጌው ኦክሲጅን ከመስጠት ይልቅ ስለሚጠቀም፣ ከአቅም በላይ ፍሳሽ የተጫነበት ኩሬ ሊሸት ይችላል።

ሦስተኛው ከአካባቢው ኢኮኖሚ ጋር የተያያዘ ነው። አርሲ ነገሌ በአረቄ ምርት በስፋት የምትታወቅ ከተማ ናት። ከአረቄ ማውጣት የሚገኘው አተላ ለከብት ማድለቢያ የሚውል ሲሆን፣ ይህም በራሱ ተረፈ ምርትን መልሶ የመጠቀም ነባር ልምድ ነው። ይሁን እንጂ ከአተላው ጋር ወደ ቦይ የሚለቀቅ ፈሳሽ ቢኖር ጥቁረቱ ብርሃን ወደ አልጌው እንዳይደርስ የሚጋርድ፣ የበካይ ቁሱም መጠን ከመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ እጅግ የላቀ ነው። በመሆኑም እንዲህ ዓይነቱ ፈሳሽ በቀጥታ ወደ አልጌ ኩሬ መግባት የለበትም። የጋራዥ ዘይትና የኬሚካል ፍሳሾችም በተመሳሳይ መለየት ይኖርባቸዋል።

አራተኛው የመሰብሰቢያ ሥርዓት አለመኖር ነው። አብዛኞቹ የሀገራችን ከተሞች የፍሳሽ መስመር የላቸውም፤ አብዛኛው ነዋሪም የሚጠቀመው በጉድጓድ መጸዳጃ ቤት ነው። ውሃ በማይገባበት ጉድጓድ ላይ የአልጌ ኩሬ ሊሠራ አይችልም። ለእንዲህ ዓይነት ቤቶች ሽንት የሚለዩ መጸዳጃ ቤቶችና የብስባሽ ዝግጅት የተሻለ አማራጭ ናቸው።

የጤና ጥንቃቄ

የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ በ2006 ፍሳሽ፣ ዓይነ ምድርና የማጠቢያ ውሃ በግብርና ጥቅም ላይ ስለሚውሉበት ሁኔታ መመሪያ አውጥቷል። በመመሪያው መሠረት ለመስኖ የሚውል የተጣራ ፍሳሽ በአንድ ሊትር ውስጥ ከአንድ የወስፋት እንቁላል ያልበለጠ ሊኖረው ይገባል። ከብዙ ሰዎች ተሰብስቦ ለማንኛውም ሰብል የሚውል ሽንት 20 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድና ከዚያ በላይ በሆነ ሙቀት ቢያንስ ለ6 ወራት ተከማችቶ መቆየት ይኖርበታል። ዓይነ ምድርም ከ20 ዲግሪ በላይ በሚሞቅ ቦታ ቢያንስ ለአንድ ዓመት መቆየት ወይም በአግባቡ በሚግል ብስባሽ ውስጥ ማለፍ አለበት።

የወስፋት እንቁላል በአፈርና በዝቃጭ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የሚቆይ በመሆኑ፣ አረንጓዴ የሆነ ውሃ ሁሉ የጸዳ ነው ብሎ መውሰድ አደጋ አለው። በፍሳሽ ላይ የበቀለ አልጌ ለሰው ምግብነት መዋል የለበትም። በተጣራው ውሃ የሚለማው ሰብልም ጥሬውን እንደሚበሉት ሰላጣና ካሮት ሳይሆን፣ እንደ በቆሎ፣ የከብት መኖና የዛፍ ችግኝ ያለ እንዲሆን ማድረግ አደጋውን ይቀንሳል። መርዛማ ሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ በኩሬው ውስጥ እንዳይበረክት በየጊዜው በአጉሊ መነጽር መመርመርም ያስፈልጋል። በኩሬው ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች ቦቲ ጫማና ጓንት ሊቀርብላቸው፣ የወስፋት መድኃኒትም በወቅቱ ሊያገኙ ይገባል።

ሕግና ኃላፊነት

የኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 44 ሁሉም ሰዎች ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳላቸው ደንግጓል። በ1992 ዓ.ም የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ በ1995 ዓ.ም የወጡት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299 እና የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300 ፍሳሽን ወደ አካባቢ መልቀቅ ቁጥጥር የሚደረግበት ተግባር እንዲሆን መሠረት ጥለዋል።

በአፈጻጸም ረገድ ጉዳዩ በአንድ መሥሪያ ቤት ብቻ የሚያልቅ አይደለም። ፍሳሹ የውሃ አገልግሎትን፣ ቦታው ማዘጋጃ ቤትን፣ ጥንቃቄው ጤና ጽሕፈት ቤትን፣ ምርቱ ደግሞ ግብርና ጽሕፈት ቤትን ይመለከታል። ኃላፊነቱ ካልተለየ ኩሬው ከተሠራ በኋላ መዘውሩን የሚያስጠግን፣ ዝቃጩን የሚያስወጣና አልጌውን የሚረከብ አካል ስለሚጠፋ ሥራው በአጭር ጊዜ ሊቆም ይችላል።

ከተሞች በቅድሚያ ሊመለከቷቸው የሚገቡ ነጥቦች

አርሲ ነገሌንና መሰል የስምጥ ሸለቆ ከተሞችን በሚመለከት የመጀመሪያው ተግባር የመምጠጫ ተሽከርካሪዎች ፍሳሽ የሚያራግፉበትን ቦታ በሕጋዊ መንገድ መለየትና ከወንዝ፣ ከጉድጓድ ውሃና ከጎርፍ መውረጃ ማራቅ ነው። ፍሳሹ በየሜዳው እየተደፋ ስለ አልጌ ማውራት ውጤት አያመጣም።

ሁለተኛው ፍሳሻቸው በአንድ ቦታ የሚሰበሰብ ተቋማትን መለየት ነው። አዳሪ ትምህርት ቤቶች፣ ሆስፒታሎች፣ ማረሚያ ቤቶች፣ የጋራ መኖሪያ ቤቶችና ትላልቅ ሆቴሎች በዚህ ረገድ ተመራጭ ናቸው። ከሆስፒታሎች የሚወጣው ግን መድኃኒትና ኬሚካል ሊይዝ ስለሚችል ለብቻው መታየት ይኖርበታል። በተመረጠው ተቋም በቅድሚያ ማብላያ ወይም በአግባቡ የሚሠራ ሴፕቲክ ታንክ መኖሩ ከተረጋገጠ በኋላ፣ አነስተኛ የአልጌ ኩሬ በሙከራ ደረጃ መሥራት ይቻላል።

ሦስተኛው ለሚገኘው ውሃና ምርት ተቀባይ ቀድሞ ማዘጋጀት ነው። የተቋሙ የራሱ የመኖ ማሳ፣ የችግኝ ጣቢያ ወይም በአቅራቢያው ያለ አርሶ አደር በማሳው ላይ የተገኘውን ውጤት ከዩሪያ ጋር አነጻጽሮ ሲያየው ቴክኖሎጂው ተቀባይነት ያገኛል። ከመጸዳጃ ቤት የወጣ ነገርን በእርሻ ላይ ለመጠቀም ያለው የማኅበረሰብ አመለካከትም ሊናቅ የሚገባው አይደለም። አርሶ አደሩ የጤና ባለሙያው ያረጋገጠውንና በዓይኑ ያየውን እንጂ በወሬ የሰማውን አይቀበልም።

አራተኛው መለካት ነው። ወደ ኩሬው የሚገባውና ከኩሬው የሚወጣው ፍሳሽ የናይትሮጂን፣ የፎስፈረስና የወስፋት እንቁላል መጠን በየጊዜው ካልተመዘገበ ኩሬው እየሠራ ስለመሆኑ ማረጋገጥ አይቻልም። በአካባቢው የሚገኙ የሐዋሳና የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲዎች በዚህ ረገድ ሙያዊ ድጋፍ ሊሰጡ ከሚችሉት ተቋማት መካከል ናቸው።

በአጠቃላይ ደቂቅ አልጌ የከተሞችን የፍሳሽ ችግር ብቻውን የሚፈታ መድኃኒት አይደለም። ፍሳሽ የሚሰበሰብበት፣ መሬት የሚገኝበትና ኃላፊነት የወሰደ አካል ባለበት ቦታ ግን በአነስተኛ የኤሌክትሪክ ወጪ ውሃን የማጣራትና ንጥረ ነገርን ለማሳ የመመለስ አቅም ያለው ዘዴ ነው። መውጫ በሌላቸው ሐይቆች ተፋሰስ ውስጥ ለሚገኙ ከተሞች ምርጫው ያንኑ ንጥረ ነገር በኩሬና በማሳ ላይ መጠቀም ወይም ቆይቶ በሐይቁ ውስጥ በብክለት መልክ ማግኘት በመሆኑ፣ ጉዳዩ ከወዲሁ በከተሞች ፕላንና በበጀት ዝግጅት ውስጥ ተገቢውን ትኩረት ሊያገኝ ይገባል።